ሣሩ ሳይደርቅ

እናንተ በዱቡሻ፣ በመሰብሰቢያ አደባባያችን፣ ተቀምጣችሁ ነገር ያያችሁ፣ ደም አድርቃችሁ ባላንጣዎችን ያስታረቃችሁ፣ በደጋም በቆላም የምትኖሩ የጋሞ ሽማግሌዎችና የዕድሜ እኩዮቼ፤ ይህን የምጽፍላችሁ ለማሟረት አይደለም። ልቤ ከከበደ ግን ሰንብቷል፤ የከበደውም ካለፈብን መከራ ይልቅ ወደፊት ሲመጣ በሚታየኝ ነው። ሕዝብ የሚሻውን አጥቶ ሲጨነቅ ዓይኑ ንቁ፣ ምክሩም አንድ ይሆናል፤ የሚሻውን ባገኘ ማግስት ግን ይዘናጋል፣ እርስ በርሱም መተያየት ይጀምራል። እኛ ዛሬ ያለነው በዚያ ማግስት ላይ ነው። ዞን ጠይቀን ዞን ሆነናል፤ ክልል ይለወጥ ብለን ድምፅ ሰጥተን ተለውጧል። የለመንነውን በአብዛኛው አግኝተናል፤ እኔን ሌሊት የሚያነቃኝም ይኸው ማግኘታችን ነው።

የእኛ ትውልድ የአገሩ ስምና መቀመጫ ሲለዋወጥ እያየ ያረጀ ትውልድ ነው። ጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት በነበረበት ዘመን ከተማው ከላይ ጨንቻ ነበር፤ ኋላ ወደ አባያና ጫሞ ሐይቆች ዳር ወርዶ አርባ ምንጭ ተቆረቆረች። ደርግ ሲመጣ ክፍለ ሀገር ተባልን። ከ1983 በኋላ ቁጥር የተሰጣቸው አምስት የደቡብ ክልሎች ብዙም ሳይቆዩ ወደ አንድ ተጠቃለሉና 56 ብሔረሰቦች በአንድ ክልል ይተዳደራሉ ተባለ፤ እኛም ከወላይታ፣ ከጎፋ፣ ከዳውሮና ከሌሎቹ ወንድሞቻችን ጋር ሰሜን ኦሞ ዞን ሆነን መቀመጫው እዚሁ አርባ ምንጭ ሆነ። በ1993 ሰሜን ኦሞ ፈረሰ። በአንድ ዞን የቀሩት ጋሞና ጎፋም በ2011 ተለያዩ። ሲዳማ ኅዳር 10 ቀን 2012 ድምፁን ሰጥቶ ወጣ፤ ደቡብ ምዕራብ መስከረም 20 ቀን 2014 ተከተለ፤ ጥር 29 ቀን 2015 ደግሞ የጋሞ፣ የጎፋ፣ የወላይታ፣ የጌዴኦ፣ የኮንሶና የደቡብ ኦሞ ዞኖች ከአምስት ልዩ ወረዳዎች ጋር ወደ ምርጫ ጣቢያ ሄዱ፤ የወላይታው ድምፅ በሰኔ ተደግሞ በነሐሴ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ተመሠረተ። በአንድ ሰው ዕድሜ ይህን ያህል ጊዜ ተሰብስበናል፣ ይህን ያህል ጊዜም ተበትነናል፤ በየጊዜውም አሁንስ ዳር ደረስን እያልን ደስታችንን በአደባባይ ገልጸናል።

ራስን በራስ ማስተዳደርን የምነቅፍ እንዳይመስላችሁ። አያቶቻችን ከምኒልክ ዘመን ወዲህ ገባር ሆነው ያዩትን፣ ለገዛ መሬታቸው አቤት ለማለት ዳኛው ፊት በአስተርጓሚ የቆሙበትን ዘመን ከአባቶቻችን አፍ ሰምተናል። ልጅ በእናቱ ቋንቋ ፊደል ሲቆጥር ማየት ትልቅ ነገር ነው፤ ያንን መልሱ የሚል ቢመጣ ከሁላችሁም በፊት የምቆመው እኔ ነኝ። የምፈራው መለየትን የሥራው ፍጻሜ አድርገን መቁጠራችንን ነው፤ ሰው አብሮት የሚኖረውን ጎረቤት ሳያማክር የወሰነው ነገር፣ አንድነትም ቢሆን መለያየትም ቢሆን፣ ሄዶ ሄዶ በልጆቹ ላይ እንደሚወድቅ በዓይናችን አይተን መርሳታችንን ነው።

የወጋጎዳን ነገር አስታውሱ። የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋ ቀላቅለው አንድ የትምህርት ቋንቋ አወጡ፤ መጽሐፍ ታተመ፤ ለልጆች ታደለ። እነዚህ አራቱ ሲፈጠሩም የተቀራረቡ ናቸው፤ የወላይታ ነጋዴ ከእኛ ገበያ ያለ አስተርጓሚ ሸጦ ይሄዳል፣ ከጎፋ ጋር ተጋብተን ወልደናል፣ አንዱ ሲያለቅስ ሌላው ለቅሶውን ይረዳዋል። ሳይማከሩና ሳይጠያየቁ ከላይ የመጣ ነገር ሆኖ ግን፣ የሚያቀራርበን ቋንቋችን የጠብ ምክንያት ሆነ። በኅዳር 1992 ሶዶ ላይ ሕዝብ ተነሣ፤ ሰው ሞተ፣ ብዙዎች ታሰሩ፤ መጽሐፉ ተሰበሰበ፣ ዓመት ብዙም ሳያልፍ ዞኑ ራሱ ፈረሰ። ልብ በሉ፤ ያንን ያደረጉት ሰዎች ሕዝብ አንድ እናደርጋለን ብለው ነበር የተነሡት።

ለብዙ ዓመታት ታሪክ ያስተማርኩ ሰው ነኝና፣ ትንሽ ራቅ አድርጌ ብወስዳችሁ ታገሡኝ። እኛ ዛሬ የቆምንበትን መንገድ በስፔንና በፖርቱጋል ሥር የነበሩ አገሮች ከእኛ በፊት ሄደውበታል። በደቡብ አሜሪካ ሲሞን ቦሊቫርና ጓዶቹ ከስፔን ጋር ለዓመታት ተዋግተው፣ ቬኔዝዌላን፣ ኒው ግራናዳንና ኢኳዶርን በአንድ ያቀፈች ታላቋ ኮሎምቢያ የተባለች አገር እ.ኤ.አ. በ1819 አወጁ። የጦር አዛዦቹ ተራራውን አብረው ያቋረጡ፣ ረኃቡንም ብርዱንም አብረው የቻሉ ነበሩ። ስፔን ስትወጣ ግን የቬኔዝዌላው ፓኤስ ወደ ቬኔዝዌላ፣ የቦጎታው ሳንታንዴር ወደ ቦጎታ፣ እያንዳንዱ ወደየሰፈሩ ዞረ፤ ዋና ከተማው የት ይሁን፣ ግብሩ ለማን ይግባ፣ ሕጉን ማን ያውጣ የሚለው ክርክር ከጠላት ጥይት በላይ ሆነባቸው። በ1831 ያች አገር አልነበረችም።

ከእነርሱ መካከል የአንዱ ሰው ነገር ከልቤ አይወጣም። አንቶንዮ ሆሴ ዴ ሱክሬ ይባላል። በ1824 አያኩቾ በተባለ ሜዳ የስፔንን የመጨረሻ ታላቅ ጦር ድል ያደረገው እርሱ ነው፤ በዚያ ሁሉ ጦርነት ውስጥ አልፎ የስፔን ጥይት አልገደለውም። በሰኔ 1830 ቤሩኤኮስ በሚባል ተራራማ ጫካ ውስጥ ወደ ቤቱ ሲጓዝ፣ ነፃ ባወጣው ምድር፣ ነፃ ያወጣቸው ሰዎች ተደብቀው ገደሉት፤ ዕድሜው 35 ነበር። ቦሊቫርም በዚያው ዓመት በታኅሣሥ፣ ሥልጣኑን ለቆ አገሩን ጥሎ ሊሰደድ መንገድ ላይ ሳለ ሳንታ ማርታ ላይ ሞተ። በመካከለኛው አሜሪካም እንዲሁ ሆነ። ጓቴማላ፣ ኤል ሳልቫዶር፣ ሆንዱራስ፣ ኒካራጓና ኮስታ ሪካ መስከረም 15 ቀን 1821 በእነርሱ አቆጣጠር ነፃነታቸውን አወጁ፣ ኋላም በፌዴሬሽን ተሳሰሩ። ፌዴሬሽኑን ጠብቆ ለማቆየት እስከ መጨረሻው የታገለው ፍራንሲስኮ ሞራሳን በሳን ሆሴ ከተማ በጥይት የተደበደበው መስከረም 15 ቀን 1842 ነው። ነፃነቱ የታወጀበት ቀን 21ኛ ዓመቱን ሲይዝ ማለት ነው። በዓሉን ያከብሩ የነበሩት ሰዎች በዚያ ቀን ምን ተሰምቷቸው ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

የፖርቱጋል የነበረችው ብራዚል ግን ሳትበታተን አንድ ሆና ወጣች ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ ነገር ግን በዚያ አንድነት ውስጥ የሰው ልጅ እስከ 1888 ድረስ በሕግ ባሪያ ሆኖ ይሸጥ ነበር። ስለዚህ አንድ መሆን ብቻውን ጽድቅ አይደለም፤ መለየትም ብቻውን መዳን አይሆንም።

ወደ እኛ ዘመን ቀረብ ስንል አንጎላ አለች። ፖርቱጋልን የተዋጉት ሦስት ድርጅቶች እ.ኤ.አ. በጥር 1975 አልቮር ላይ ተስማምተው ፈረሙ፤ በኅዳር ነፃነት ሲታወጅ ግን በአንዲት አገር ላይ እርስ በርስ ይተኳኮሱ ነበር፤ ያ ጦርነት ያበቃው በ2002 ነው። ከሁሉም ይልቅ ግን ምሥራቅ ቲሞርን እዩልኝ። ከፖርቱጋል ወጥታ ወዲያው በኢንዶኔዥያ የተያዘች ትንሽ አገር ናት፤ ሕዝቧ 24 ዓመት ሙሉ በጫካና በእስር ቤት ቆይቶ፣ በ1999 በድምፁ ነፃነትን መርጦ፣ ቤቱ ሲቃጠል እያየ ጸንቶ፣ በ2002 የራሱን መንግሥት አቆመ። አራት ዓመት ብቻ ቆይቶ ምን ሆነ? ከምዕራብ የመጡ ወታደሮች አድልዎ ይደርስብናል ብለው አቤት አሉ፤ ወደ 600 የሚጠጉት ከሠራዊቱ ተሰናበቱ፤ ዲሊ ከተማ ምሥራቅና ምዕራብ ተባብላ ተቃጠለች፤ ከአንድ ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ 150,000 ያህሉ ከቤቱ ተፈናቀለ። በጫካው ዘመን አንተ የምሥራቅ ነህ አንተ የምዕራብ ብሎ የሚመዝን ብዙ አልነበረም። ከባዱ ጠላት ሲሄድ፣ ያ ቀላል የመሰለው ልዩነት ጊዜ አገኘና ከተማ አነደደ።

የአፍሪካ መሪዎች ይህን ፈርተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1963 አዲስ አበባ ላይ ድርጅታቸውን ባቆሙ በዓመቱ ካይሮ ተሰብስበው ቅኝ ገዢ ያሠመረው ወሰን እንዳለ ይቆይ አሉ፤ የስፔን አሜሪካ አገሮችም ከእነርሱ ከመቶ ዓመት በላይ ቀድመው የያዙት ሥርዓት ያው ነበር። ወሰኑ ትክክል ነው ብለው አልነበረም፤ አንዱን መስመር የነካ ሁሉንም እንደሚነካ አውቀው ነው። እኛ ግን በየወረዳችን፣ አንዱ አስተዳደር ሲፈርስ ሌላው ሲመሠረት፣ መስመሩን ሁሉ እንደ አዲስ እንከፍተዋለን። ከዚህ ከአርባ ምንጭ ወደ ደቡብ ያለውን የጎረቤቶቻችንን ነገር እናውቀዋለን። ኮንሶን፣ ደራሼን፣ አሌን፣ ኮሬንና ቡርጂን በአንድ የሰገን አካባቢ ሕዝቦች ዞን በእኛ አቆጣጠር በ2003 አሰባሰቧቸው፤ ሳይዋደዱ ኖሩ፤ ኮንሶ ሲለይ ደም ፈሰሰ፤ ከተለዩም በኋላ በ2013 በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከማሳውና ከቤቱ ሸሸ። በዚያ ጊዜ ልጅ በጀርባዋ አዝላ፣ ማሽላዋን ሳታጭድ ጥላ የመጣችን ሴት ስለ ዞን መዋቅር ቢጠይቋት ምን ትመልሳለች?

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ፤ የመጣሁትም ለዚሁ ነው። አዲሱ ክልል ቢሮዎቹን በበርካታ ከተሞች አከፋፍሏል፤ ሶዶም አርባ ምንጭም ዲላም ጂንካም ድርሻቸውን ይዘዋል። ማንም እንዳይከፋ ተብሎ የተደረገ ነው፤ አሳቡን አልነቅፍም። ነገር ግን ወጣቶቻችን የትኛው ከተማ ስንት ቢሮ አገኘ እያሉ ሲቆጥሩ፣ ደመወዙ በወቅቱ ያልደረሰው መምህር እና መድኃኒት ያጣው ጤና ጣቢያ ከክርክሩ ውጭ ሆነዋል። በስልካቸው ላይ የሚጻጻፉትንም አይቻለሁ፤ አንብቤም አፍሬአለሁ። ከወላይታ ጋር መሰዳደባቸው ሳያንስ፣ ዛሬ ደጋና ቆላ ተባብለው፣ የዶርዜ፣ የዶኮ፣ የቦንኬ፣ የኦቾሎ እያሉ ማን በሹመት በዛ ማን ጎደለ መባባል ጀምረዋል። ትናንት ከሰሜን ኦሞ ስንወጣ ያልነውን ሁሉ፣ ነገ ከጋሞ ዞን መውጣት የሚፈልግ ወንድማችን ቃል በቃል ሊለን ይችላል፤ እኛም ያኔ የሰማነውን መልስ ቃል በቃል እንመልስለት ይሆናል። ዴሬ ከዴሬ፣ አገር ከአገር፣ ሲዋጋ የነበረበትን ዘመን አያቶቻችን ነግረውናል፤ ያ ጦርነት የቆመው ከዚያ በላይ ታላቅ ነገር አግኝተው ሳይሆን ሹሞቹ ሃላቃዎችና ሽማግሌዎቹ ደሙን አድርቀው ስላስታረቁት ነው።

ሌላም እናስብ። እኛ ልጆቻችንን በአገሪቱ ሁሉ የበተንን ሕዝብ ነን። አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ላይ ሸማ የሚሠራው፣ በየክልሉ ከተማ ተከራይቶ የሚኖረው የጋሞ ልጅ ስንት ነው? በሌላው አገር እጁን ዘርግቶ የሚሠራ ልጅ ያለው ሕዝብ፣ በቤቱ ውስጥ የወሰን ጥላቻን ማሳደግ አይችልም፤ እዚህ አርባ ምንጭ ሲቀላ ሰፈር በአንድ እንግዳ ላይ የተወረወረ ድንጋይ፣ እዚያ በልጃችን ራስ ላይ ያርፋል። ቡራዩ ላይ በመስከረም 2011 ልጆቻችን ሲገደሉና ሲፈናቀሉ ይህን በምሬት ተምረነዋል።

በዚያው መስከረም የሆነውን እናንተም ታውቁታላችሁ፤ አንዳንዶቻችሁም በጉልበታችሁ ተንበርክካችሁ ነበር። የወንድሞቹ ሞት ልቡን ያቃጠለው ወጣት ለበቀል ወደ አርባ ምንጭ ጎዳና ሲወጣ፣ ሽማግሌዎች የእርቅ ምልክት የሆነውን እርጥብ ሣር ይዘው በመንገዱ ላይ ተንበረከኩ። አስፋልቱ ላይ፣ ጋቢያቸውን እንደለበሱ፣ ዱላቸውን ወደ ጎን አድርገው። ወጣቱ ቆመ፤ አለቀሰም፤ ተመለሰ። ከተማይቱ ተረፈች፤ አገር ሁሉ ፎቶውን አይቶ አደነቀ።

እኔ ግን ከአድናቆቱ በኋላ ያለውን ነው የምጠይቃችሁ። ያ ልጅ ሣሩን ስለምን አከበረ? ሣር በዚያ ቀን ኃይል አግኝቶ አይደለም። አባቱ በዱቡሻ ተቀምጦ ሲፈርድ አይቶ፣ እናቱ ጎሜን፣ ነውር የሚያመጣውን መቅሠፍት፣ ስትፈራ አይቶ፣ ዎጋ፣ ሥርዓታችን፣ የተጣሰበት ቤት እንዴት እንደሚሆን ከሕፃንነቱ ሰምቶ ስላደገ ነው። ማርክ አቤለስ የሚባል ፈረንሳዊ ተመራማሪ ኦቾሎ ድረስ መጥቶ የዱቡሻችንን ሥርዓት አጥንቶ መጽሐፍ የጻፈው፣ ንጉሥ ሳይጠብቅ ተሰብስቦ ተናግሮ አዳምጦ የሚወስን ሕዝብ አግኝቶ ነው። እኛ በዚያ መስከረም የበላነው አባቶቻችን የተከሉትን እንሰት ነው፤ ከእግሩ ሥር ችግኝ ካልተከልን ግን የሚቀጥለው ረኃብ ሲመጣ የምንቆርጠው አይኖርም። ዛሬ ሴቻና ሲቀላ ተወልዶ አሥራ ስምንት ዓመት የሞላው ልጅ በዱቡሻ ተቀምጦ ያውቃል? ሽማግሌ ሲናገር እስከ መጨረሻው ድረስ አዳምጦ ያውቃል? ካላወቀ፣ ነገ ሣር ይዛችሁ በፊቱ ብትንበረከኩ የሚያየው አሮጌ ሰው መንገድ ሲዘጋበት ብቻ ነው።

እኛ ደግሞ በበኩላችን ምን ሆነናል? በየስብሰባው ፊት ወንበር ላይ ባህላዊ ልብስ ለብሰን ተቀምጠን፣ ምርቃት ሰጥተን፣ አበል ፈርመን እንመለሳለን። ሹማምንት የሚጠሩን ነገሩ ከተቆረጠ በኋላ እንድናጸድቅ ወይም ደም ከፈሰሰ በኋላ እንድናስታርቅ ነው፤ ወሰን ሲለካ፣ ሹመት ሲከፋፈል፣ ወጣት ሲያኮርፍ ግን አንጠራም፣ ሳንጠራም አንሄድም። ክብራችንን ለፎቶ ሰጥተን ሥራችንን ለሌላ ተውን። ይህ ቸልተኝነት እንደ ቀላል ነገር እንዳይታያችሁ። ቲሞር ላይ የተቃጠለው ከተማ በአንድ ቀን አልተቃጠለም፤ አቤት ያሉትን የሚሰማ ታላቅ ሰው ጠፍቶ ነው የተቃጠለው። ሱክሬን የገደሉት ከሰማይ አልወረዱም፤ ጠብን በጊዜ የሚያበርድ ሸንጎ ስላልነበራቸው ጠቡ ጫካ ገባ።

እኛ ግን ሸንጎው አለን። ከእነርሱ የምንለየው በዚህ ነው፤ ጊዜም አለን። ከዱቡሻዎቻችን አንዳንዶቹ ቢታጠሩም የሌሎቹ ዛፎች ዛሬም ቆመዋል፣ ሥርዓቱን የሚያውቁ ሰዎችም አልሞቱም። ከዓመታት በኋላ ግን አንዱ ወይም ሌላው ይጎድላል።

ስለዚህ እለምናችኋለሁ። በመጪው ዮ ማስቃላ በዓል፣ ስታዲየሙ ውስጥ በክብር ወንበር ላይ ከመቀመጣችን በፊት፣ በነሐሴና በጳጉሜን ወደ ወሰን ቀበሌዎች እንውጣ። ከጎፋም፣ ከወላይታም፣ ከጉጂም፣ ከደራሼም አጎራባች ሽማግሌዎችን ጠርተን አብረን እንቀመጥ፤ የሚጣሉበትን ማሳና የግጦሽ ቦታ በስሙ እያነሣን እንነጋገርበት፤ ያልተስማማንበትንም ሳንደብቅ ለከርሞ እንቅጠረው። ልጆቻችንን ይዘን እንሂድ፣ በዱቡሻው ዳር ሳይሆን ውስጥ እናስቀምጣቸው፣ እንዲናገሩም እንፍቀድላቸው። ለዞኑና ለክልሉ ሹማምንትም እንንገራቸው፤ ወሰን ሲለካ ሳንገኝ ከቀረን ለእርቅ ብቻ አትጥሩን እንበላቸው። ጉልበታችሁ ደክሞ መሄድ ያልቻላችሁ፣ የልጅ ልጃችሁን በእናንተ ምትክ ላኩ፤ ሲመለስም የሰማውን ሁሉ አስደግሙት።